የራሴ ደስታ፣ የሰፈሩ ጭቃ

ሰው የሚወደውንና የሚያስፈልገውን በአንድ ገንዘብ መግዛት ይችላል? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ያገለገለች ቶዮታ ሴሊካ ገዝቼ አንድ ሙሉ ዓመት፣ በጋ ከክረምት፣ እስከነዳኋት ድረስ።

መኪናዋን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሴሊካ የቶዮታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2006 ድረስ በሰባት ትውልድ ያመረታት የስፖርት መኪና ናት። ግራና ቀኝ አንድ አንድ በር ብቻ አላት። የኋላ ወንበር አላት ቢባልም ለሕፃን ወይም ለቦርሳ ካልሆነ በቀር ለጎልማሳ ጉልበት የታሰበ አይደለም። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው ከአንድ ስንዝር በታች ነው። ዘመዶቿ ኮሮላና ሂሉክስ አገር ምድሩን ሲያገለግሉ፣ እሷ የተሠራችው ከሁሉ በፊት ለነጂዋ ደስታ ነው።

የምኖረው ሮቤ፣ የምሠራው ጎባ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለዓመታት በሚኒባስ ተመላልሼበታለሁ፤ ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር እየተጋጨ፣ የሰው ቅርጫት ታቅፌ። ማለዳ ላይ ጭጋጉ ከተራሮቹ ሲነሳ፣ የስንዴው ማሳ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ሲታይ፣ «ይህን መንገድ አንድ ቀን እንደ ልቤ ብነዳው» እያልኩ እመኝ ነበር። ምኞቱ ይህን ያህል ነው። ለመክበር ወይም ለመታየት አልነበረም፤ ቢያንስ እንደዚያ አምን ነበር።

ያገኘኋት አዲስ አበባ ነው። ደላላው «ጋሼ፣ ይቺ መኪና አይደለችም፣ ሙሽራ ናት» አለኝ። ሙሽራዋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። በሌላው ዓለም ያገለገለ መኪና ዋጋው ከዓመት ዓመት ይወርዳል፤ እኛ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ ርስት ተቆጠረ። የከፈልኩት ለቤት ማደሻ ያጠራቀምነውን ነው። ባለቤቴ አልተቃወመችም፤ «ልብህ ከፈቀደ» ብላ ዝም አለች። ይህ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ያገባ ሁሉ ያውቃል።

በአሰላና በበቆጂ አድርጌ፣ ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አልፌ ሮቤ የገባሁበት ቀን በሕይወቴ ካየኋቸው የደስታ ቀናት አንዱ ነው። ይህን የምለው ሳላፍር ነው። ስለ ሥነ ምግባር የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፍላጎትን እንደ ሌባ ያሳድዱታል። በድሃ አገር ደግሞ ይብሳል፤ ድሃ ሊኖረው የሚገባው የሚጠቅመው ብቻ ነው የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለ ይመስላል። በዚህ አልስማማም።

ባሌ የፈረስ አገር ነው። የደጋው ገበሬ ለእርሻ በሬ፣ ለጭነት አህያ፣ ለመንገድ ፈረስ አለው። ፈረሱ ግን ከመንገድም ያለፈ ነገር ነው። በበዓልና በሠርግ ቀን ኮርቻውና ልጓሙ አጊጦ ሲወጣ ያየ ሰው፣ ጌጡ ፈረሱን በአንድ እርምጃ እንኳ እንደማያፈጥነው ያውቃል። ቢሆንም ያስጌጡታል። ነገሥታቱም በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። ሰው በሚጋልበው ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ጥቅም ብቻውን ኑሮ አይሆንም፤ ይህን አባቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል። እንግዲህ እኔ በሴሊካዬ ምን ተብዬ ልጠራ ነው?

መኪናዋን ይዤ በገባሁ ማግስት፣ በጉልምስና ዘመናቸው ፈረሰኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከዘራቸውን ተደግፈው ዙሪያዋን ዞሯት።

«ልጄ፣ ስንት ሰው ትይዛለች?» አሉኝ።

«ሁለት። ቢጨናነቁ ሦስት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ከፋኝና «የእርስዎስ ፈረስ ስንት ይይዝ ነበር ኦቦ?» አልኳቸው። ሳቁ።

«አንድ ነው የሚይዘው። ግን የታመመ ሰው መንገድ ላይ ስናገኝ እኔ እወርዳለሁ፣ እሱ ይወጣል። ልጓሙን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

በጋው እንደ ጫጉላ ጊዜ አለፈ። እርግጥ ነው፣ ጉድለቷ ቶሎ ታየኝ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አራተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። በወረቀቷ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሮቤ አያውቀውም።

አንድ እሑድ ከጎባ ወደ ደሎ መና በሚወስደው መንገድ ወደ ሳነቴ አምባ ወጣሁ። አምባው 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ከላዩ የሚታየው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። መኪናዋ ዳገቱን እንደ አስም በሽተኛ እያለከለከች ጨረሰች። ሜዳው ላይ እንደወጣን አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱን አቋረጠ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል እንኳ አይሞሉም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ያሉት በእነዚሁ የባሌ ተራሮች ነው። ፍሬን ያዝኩ። ቀበሮው ዞር ብሎ አየኝና የአይጥ አደኑን ቀጠለ። ጉልበቷ ሙሉ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም እንደ ልቤ እየበረርኩ ቢሆን ኖሮ፣ በጊዜ አልቆምም ነበር። የፍጥነቱ ደስታ የእኔ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን መንገድ የሚያቋርጠው ነው። ይህን ያን ቀን አሰብኩና ከተራራው ስወርድ ረሳሁት።

ያስታወሰኝ ዝናቡ ነው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ጋና የሚባለው የምርት ወቅት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ቦና የሚባለው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ነው። ለስንዴው በረከት የሆነው ይህ ዝናብ ለዝቅተኛ መኪና መከራ ነው። ከቤቴ እስከ አስፋልቱ ያለው አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ጥቁር አፈር ነው። በመጀመሪያው የዝናብ ሳምንት መኪናዋ ጭቃው ላይ በሆዷ ተኛች። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ የሰፈር ልጆች ገፉልኝ። ሳንቲም ሰጠኋቸው፤ እየሳቁ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንትም ገፉልኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም ጭቃ ስታጥብ በደጇ አለፍኩ። ቀና ብላ ሰላም አለችኝ እንጂ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሌሊት የእኒያ የሽማግሌው ምራት ምጥ ያዛት። ምጡ ጠናና ወደ ጎባ ሆስፒታል እንድትሄድ ተባለ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል፤ በዚያ ዝናብ ባጃጅ አይታሰብም። ደጄ ተንኳኳ። የፊተኛውን ወንበር አስተኝተን እሷን አስቀመጥናት፤ አማቷ ከኋላ ተጣጥፈው ገቡ። ለባሏ ቦታ አልነበረም። ሃምሳ ሜትር ያህል እንደሄድን ጎማዎቹ መሽከርከር እንጂ መሄድ ተሳናቸው። ያን ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጎረቤቶች ጋቢያቸውን ጥለው በባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ። እየገፉ፣ ሲያቅታቸውም እያነሡ አስፋልት አደረሱን። ከገፉት አንዱ ባሏ ነበር። እሱ እዚያው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲቀር በመስታወት አየሁት።

ልጁ በሰላም ተወለደ፤ እናትየዋም ደኅና ናት። እኔ ግን ያን ሌሊት ከሆስፒታሉ ደጅ ቁጭ ብዬ ስለ ቃሬዛ አሰብኩ። ቀድሞ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ የሚያደርሰው ሰፈሩ ነበር። ያን ሌሊትም የተሸከመው ሰፈሩ ነው፤ ልዩነቱ የእኔ ቃሬዛ ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ መመዘኗ ነው።

ጥፋቴ ምን ላይ ነው? ቆንጆ ነገር መውደዴ ጥፋት አይመስለኝም። ፕላቶን «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ነፍስን በሁለት ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ ይመስላታል። አንዱ ፈረስ ገራም፣ ሌላው አስቸጋሪ ነው፤ ነጂው ሁለቱን አስማምቶ መጓዝ አለበት። ስለ ፍላጎት የተጻፈው አብዛኛው ነገር በዚሁ በነጂውና በፈረሶቹ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ ሰው ራሱን ይግዛ፣ ልቡን ይግታ የሚል ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አንድ ጥያቄ ያለፈው ይመስለኛል። ሠረገላው ጭቃ ሲይዘው የሚገፋው ማነው? እኔ ደስታዬን ስገዛ ዋጋዋን፣ ነዳጇንና መለዋወጫዋን አስልቻለሁ። ያላሰላሁት የልጆቹን ዩኒፎርም፣ የጎረቤቶቼን ጉልበትና የዚያን ባል ቦታ ነው። ከኪሴ የወጣው ሁሉ የእኔ ነው፤ ከሰው ጉልበት የወጣውን ግን ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት። መኪናዋ ለእሑድ ብቻ ብትሆን ይህ አይገለጥም ነበር። ዓመቱን ሙሉ አብሮ መኖር ነው ፍቅርን ከነዕዳው የሚያሳየው።

አንድ ወዳጄ «ሽጣትና ፒክአፕ ግዛ፤ ነገሩ ያልቃል» አለኝ። ምክሩ መልካም ነው፤ ግን ነገሩ አያልቅም። በዚሁ በከተማችን ትልልቅ ላንድክሩዘሮች በእግረኛ ላይ ውኃ እየረጩ ሲያልፉ አያለሁ። አምስትና ስድስት ሰው የሚይዝ መኪና ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ዝናብ የሚደበድባትን አሮጊት አልፎ ሲሄድ አያለሁ። የወንበር ብዛት ደግነት አይሆንም። ሽማግሌው የነገሩኝም ስለ ወንበር አልነበረም። የእርሳቸው ፈረስ ከእኔ መኪና የሚያንስ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚይዘው። የተናገሩት ስለ መውረድ ነው።

ስለዚህ አልሸጥኳትም። ያደረግሁት ይህን ነው። ዝናብ ሲጀምር መኪናዋን አስፋልት ዳር ባለ ግቢ በኪራይ አሳድራለሁ፤ ከቤቴ እስከዚያ ቦት ጫማ አድርጌ ጭቃውን በእግሬ እሄዳለሁ። ለሌሊት ችግር ፒክአፕ ካለው የሰፈራችን ሰው ጋር ተስማምተን የነዳጁን ወጪ በእኔ ላይ አደረግሁ። ለመንገዱ ጠጠር ማልበሻ መዋጮ ሲጠየቅ ከሌላው እጥፍ አወጣሁ፤ ይህ ልግስና ሳይሆን የቆየ ዕዳ መክፈል ነው። የቤት ማደሻው ገንዘብ ጉዳይ ገና ነው፤ የባለቤቴ ዝምታም እንዳለ ነው። እሱን ዕዳ እንዴት እንደምከፍለው እስካሁን አላወቅሁም።

ባለፈው የዝናብ ወር አንድ ማለዳ፣ ቦት ጫማዬን አድርጌ ቦርሳዬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ ስወጣ ሽማግሌው ደጃቸው ቆመው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

«ወረድክ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ኦቦ» አልኳቸው፣ «ወረድኩ።»