ከሥራችን የሚጠራን ማን ነው?

ሰው እጁን ለሥራ ሲዘረጋ ከሥራው የሚጠራው አያጣም። በቀድሞው ዘመን ጠሪው ደጅ ቆሞ ይጣራ ነበር፤ ዛሬ ግን በኪሳችን ተቀምጦ በየደቂቃው ይደውላል። እንግዲህ ሥራ የያዘ ሰው ለጠራው ሁሉ ሊመለስ ይገባዋልን? ወይስ ጆሮውን ከሁሉ ሊደፍን?

የልብን መባከን ጉዳት ብራና የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ያውቀዋል። ሲጽፍ ልቡ ጥቂት ቢወሰድበት፣ ዐይኑ ከአንዱ ቃል ተነሥቶ ከመስመሮች በታች ባለው ተመሳሳይ ቃል ላይ ያርፍና መካከሉ ሁሉ ይገደፋል። ግድፈቱንም ከእርሱ በኋላ የሚገለብጠው ይወርሰዋል። ሶፊ ለሮይ የተባሉ ተመራማሪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይፈጽም ወደ ሌላው ሲሻገር የሐሳቡ ቅሬታ በፊተኛው ላይ እንደሚቀር፣ ይህም ሁለተኛውን ሥራ እንደሚያዳክምበት ገልጸዋል። እጅ ቶሎ ይመለሳል፤ ልብ ግን ዘግይቶ ይመለሳል።

ለዚህ ነገር ነህምያ ምሳሌ ይሆነናል። የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ሰንባላጥና ጌሳም ወደ ኦኖ ቆላ ወርዶ እንዲገናኛቸው አራት ጊዜ ላኩበት። እርሱም ሥራው እንዳይታጐል አራት ጊዜ ያንኑ መልስ መለሰላቸው እንጂ አልወረደም። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

ይህን ብቻ ብናነብ፣ ሥራ የያዘ ሰው ለማንም አይመለስ ባልን ነበር። ዳሩ ግን በዚያው መጽሐፍ እንደ ተጻፈ፣ ድኾች እርሻቸውንና ወይናቸውን ስለ እህል እንዳስያዙ፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት እንደ ሰጡ እየጮኹ መጡ። ነህምያም «ቅጥሩ ሳያልቅ አልሰማችሁም» አላለም። ጉባኤ ሰበሰበ፣ መኳንንቱን ገሠጸ፣ የተወሰደውን እንዲመልሱም አስማላቸው።

ያው ሰው ለአንዱ ጥሪ ጆሮውን ነፈገ፤ ለሌላው ሰጠ። የኦኖው ጥሪ ሥራውን ለማፍረስ የመጣ ነበር፤ የድኾቹ ጩኸት ግን የሥራው ምክንያት ነበር። ቅጥሩ የሚሠራው ለእነርሱ ነበርና።

እኔ ይህን ገልብጬ የሠራሁበት ቀን አለ። አንዲት እናት የልጃቸውን የክርስትና ማስረጃ ሊያጽፉ ከፊቴ ቆመው ሳሉ ስልክ ተደወለልኝ፤ አንሥቼም ስለማይጠቅም ወሬ ብዙ ተነጋገርሁ። ወደ ጽሕፈቴ ስመለስ በልጁ ስም ቦታ የአባቱን ስም ጻፍሁ። ስሕተቱ የታወቀው እቤታቸው ከደረሱ በኋላ ነበርና፣ በማግሥቱ ያን ሩቅ መንገድ በእግራቸው ዳግመኛ መጡ። ከእኔ የጠፋው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከእርሳቸው ግን አንድ ሙሉ ቀን። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ ሳለሁ፣ እርሳቸው «አባቴ፣ አደከምሁዎ» አሉኝ። ያን ጊዜ እኔ ወደ ኦኖ ወርጄ እንደ ነበር ገባኝ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የሥራ ሰዓት የግል ገንዘባችን አይምሰለን። ጸሐፊም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ በሥራው ሰዓት ልቡን የሚያባክን ሰው የሚያባክነው የባለጉዳዩን ዕድሜ ነው። ሥራ ስንይዝ ስልኩን እንዝጋ፤ ደጁን ግን አንዝጋ። ጥሪ በመጣ ጊዜም፣ «ይህ ከሥራዬ የሚያወርደኝ ነውን? ወይስ ሥራው ስለ እርሱ የተሰጠኝ ሰው ነውን?» ብለን ልባችንን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።