ድንበሩ እንዳይገፋ

አንድ ባለ አራት ጥማድ ገበሬ ነበር ይባላል። ስንዴው በአገሩ የታወቀ፣ ዐውድማው ቶሎ የማይጸዳ። እሱ ሲሞት ቤቱን በአደራ የያዙት ሰዎች በሬዎቹን አንድ በአንድ እየሸጡ በሉ። ነገሩ ሲታወቅ ሽማግሌዎች ተቀመጡና፣ «ሒሳቡ እስኪጠራ በዚህ ቤት በሬ አይጠመድ» ብለው ፈረዱ። የበሉት ወደየመንገዳቸው ሄዱ፤ ፍርዱ ቤቱ ላይ ቀረ። ቤት ውስጥ የተገኙት ደግሞ የሟቹ የልጅ ልጅና እናቱ ብቻ ነበሩ።

ልጁ ዶማ አንሥቶ ወጣ። ጎረቤቱ በጥማድ ረፋድ ላይ የሚጨርሰውን እሱ ቀኑን ሙሉ ጓል ሲከሰክስ ይውላል፤ ማታ እናቱ የተላጠ መዳፉን ቅቤ ትቀባለታለች። መከር ሲደርስ የጎረቤቱ እህል ጎተራ ሞላ፣ የእሱ በቁና ተሰፍሮ አለቀ። የገበያው መንገድ በማሳው ጥግ ያልፋልና አላፊ አግዳሚው ቆም እያለ፣ «የዚያ የአራሽ ዘር እንዲህ ይስነፍ?» ይላል።

በሦስተኛው ዓመት አጎቱ መጡ። «ልጄ፣ ተወው እንግዲህ። ጦም ይደር፤ ቢያንስ ሰው አይሥቅብህ።»

«ጋሼ፣ ጦም ካደረማ ድንበሩ ይገፋል» አለ ልጁ ዶማውን እየሳለ።

ይህን ልጅ እኔ የማውቀው ቴክሳስ ውስጥ ነው። ፕሬይሪ ቪው ኤ ኤንድ ኤም የጥቁር አሜሪካውያን ነባር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በአሠልጣኝ ቢሊ ኒክስ ዘመን፣ ከ1953 እስከ 1964 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)፣ የጥቁር ኮሌጆችን የፉትቦል ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ ወስዷል። ፉትቦል ስል የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም፤ ሞላላዋን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡባትን፣ ደረት ለደረት የሚላተሙባትን ነው። በኋላ በገንዘብ አያያዝ ብልሹነት ምክንያት የ1990 የውድድር ዘመን ተሰረዘ፤ በ1991 ቡድኑ ሲመለስ አንድም የስፖርት ስኮላርሺፕ አልነበረውም።

በዚህ ጨዋታ በሬው ስኮላርሺፕ ነው። ሌሎቹ ኮሌጆች ግዙፉንና ፈጣኑን ልጅ የትምህርት ወጪውን ችለው ያስመጡታል፤ ፕሬይሪ ቪው ግን ክፍያውን ራሱ ችሎ የመጣውን ተማሪ መለዮ አልብሶ ፊታቸው አቆመ። በዚያ ዓመት 11 ጨዋታ ተጫውተው 11ዱንም ተሸነፉ፤ 48 ነጥብ አግብተው 617 ገባባቸው። ሽንፈቱ በዚያ አላበቃም። በ1989 የጀመረው ሰንሰለት 80 ጨዋታ እስኪሞላ ተቀጠለ፤ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲን 44 ተከታታይ ሽንፈት እንኳ ጥሎት ሄደ። የውጤት ሰሌዳ የሚመዘግበው የተጫወተውን ነው፤ ገንዘቡን ላባከነ ሰው ቦታ የለውም። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ሣቁ ሁሉ ሜዳ ላይ በተገኘው ልጅ ላይ ወደቀ።

ለምን አልተውትም? በ1920 የደቡብ ምዕራብ የአትሌቲክስ ኮንፈረንስን ከመሠረቱት ኮሌጆች አንዱ ፕሬይሪ ቪው ነው። ስንቶቹ ተጫዋቾች ይህን እያሰቡ እንደገቡ አላውቅም፤ ምናልባት አብዛኞቹ መጫወት ስለሚወዱ ብቻ ይሆናል። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገቡ፣ የኮሌጁም ቦታ በስሙ ቆየ።

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1998 ኦክላሆማ ውስጥ ላንግስተንን 14 ለ 12 አሸነፉ። ላንግስተን በትንንሽ ኮሌጆች ማኅበር የሚጫወት ቡድን ነው የሚል አይጠፋም፤ ይበል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የኮሌጁ ኩራት ሆኖ የቆየው የሙዚቃ ባንዱ ግን በድሉ ቀን አልነበረም። ከሳምንት በፊት ከሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ባንድ ጋር በዕረፍት ሰዓት ተደባድቦ ታግዶ ነበር።