የአራት ሰው ኖታ በአንድ ሰው መሳቢያ

ባለፈው ክረምት ፍሉት የምትማር አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ያቺን የሞዛርት ኖታ ትልክልኛለህ?» «እሺ፣ እልክልሻለሁ» አልኳት። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ኖታው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ፎቶ አንስቶ መላክ ቢበዛ አስር ደቂቃ ነው። አልላክሁም።

ለምን?

የምኖረው ገፈርሳ ነው፣ ከአስኮ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ ከግድቡ ብዙም ሳይርቅ። እዚህ ኦርኬስትራ የለም። ሲምፎኒ መጫወት ያማረው ሰው ለጥቂት ሰው የተቀናበረ ኖታ መፈለግ አለበት። ሁመል የሞዛርትን 40ኛ ሲምፎኒ ለፒያኖ፣ ለፍሉት፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ አቀናብሮታል። እኛ ግን ቼሎ የሚጫወት አጣን። ሁለት ዓመት ያህል ሰው ሳስቸግር ከርሜ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የቼሎውን ድርሻ ለክላሪኔት ቀይረው በእጃቸው የጻፉትን አገኘሁ። ሲሰጡኝ ያሉት አንድ ቃል ነው፦ «አደራ!»

እኔም አደራውን «ደብቀህ ያዘው» ብዬ ተረጎምኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ አደራ መጠበቅ አልነበረም። «እሱ ጋ ብቻ ነው ያለው» መባሉ ጥሞኝ ነበር። ደግሞስ እኔ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን እሷ በአንድ ሜሴጅ?

ይህ ጠባይ አዲስ አይደለም። ባህላችን ሁለቱንም ያውቃል። መድኃኒት አዋቂው የሥሩን ምስጢር ይዞ ይቀበራል፤ እውቀቱም አብሮት ይሞታል። የድጓ ተማሪ ደግሞ ከመምህሩ እግር ስር ተቀምጦ መጽሐፉን በገዛ እጁ ይገለብጣል፤ መምህሩ ሲያልፍ ዜማው አያልፍም። ሁለቱም ለፍተው አግኝተዋል። ልዩነቱ ልፋታቸው ምን መብት እንደሰጣቸው ማሰባቸው ላይ ነው። ልፋት ምስጋና ያስገኛል፤ ሌላውን የመከልከል መብት ግን ከየት ይመጣል?

የኔ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ሁመል በልጅነቱ ሞዛርት ቤት ኖሮ የተማረ ሰው ነው። እነዚህን ቅንብሮች የሠራው በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ሸክላም ሬዲዮም ባልነበረበት ዘመን ነው። ኦርኬስትራ የማይደርስበት ቤት ውስጥ አራት ሰው ተሰብስቦ ሲምፎኒ እንዲሰማ። ቅንብሩ የተወለደው ለማዳረስ ነው ማለት ነው። መምህሩም ያንኑ ነው የደገሙት፤ ቼሎ ለሌለው ሰው አዳረሱት። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገፈርሳ ግድብ እንኳ ውሃ የሚያጠራቅመው አዲስ አበባን ሊያጠጣ ነው።

«የባለቤቱ መብትስ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ያረፈው አሸናፊ ከበደ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ ሥራው ቢሆን ኖሮ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል፤ ወራሾቹን መጠየቅ ግድ ነው። ግን መጠየቅና መደበቅ አንድ አይደሉም። የሚጠይቅ ሰው ሥራው እንዲሰማ ይፈልጋል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፌስታል የቆየውን የእጅ ጽሑፋቸውን ለሌላ ፒያኒስት አሳልፈው ባይሰጡ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የኖታ መጽሐፍ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ለመምህሩ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ለአንዲት ተማሪ ልስጣት?» ሳቁብኝ። «ታዲያ አንተን ለምን ሰጠሁህ?»

የዚያን ዕለት ማታ ላክሁላት፤ ስላቆየሁባትም ይቅርታ ጠየቅኋት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። «ጋሼ፣ የፍሉቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ አንድ ባር የጎደለ ይመስለኛል፤ ከፒያኖው ጋር አይገጥምም።»

አየሁት። እውነቷን ነው። ያንን ኖታ ስንት ጊዜ ለብቻዬ ኪቦርድ ላይ ተጫውቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አልታየኝም። ፒያኖው አብዛኛውን ዜማ ስለሚሸከም ሙሉው ሥራ እጄ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። የፍሉቱን ጉድለት ማየት የሚችለው ፍሉት የያዘ ሰው ነው።

ቅዳሜ ልትመጣ ነው። ቫዮሊኒስቱም ክላሪኔቱም እሺ ብለዋል። የጎደለውን ባር መምህሩ በእርሳስ ጽፈው ልከውልናል።