ማበርታት ወይስ ማባበል?

አስተርጓሚ የሌላውን ቃል ተሸክሞ የሚያደርስ ሰው ነው፤ ከተሸከመው ላይ እንዳይቀንስ፣ የራሱንም እንዳይጨምርበት አደራ አለበት። እኔ ይህን አደራ አንድ ቀን በልቻለሁ። ነገሩ ከሆነ ዓመታት ቢቆጠሩም ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁትንም ጥያቄ ያመጣብኝ እርሱው ነው።

እዚሁ ናይሮቢ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ እንዳስተረጉምላት ተጠራሁ። ልጁ ስሙ ሲጠራ ዘወር አይልም፤ የሰው ዓይን አያይም። አንዲት የጠርሙስ ክዳን ወለሉ ላይ ያሽከረክራል፤ ስትቆም መልሶ ያሽከረክራታል። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ ሲከታተለው ቆይቶ ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት ነገራት፤ ቀጥሎም «ምናልባት ጨርሶ ላይናገር እንደሚችል ከወዲሁ ማወቅ ይኖርብሻል» አላት። እናቲቱ ዓይኗን ከሐኪሙ ወደ እኔ መለሰች። እኔም «ለመናገር ይዘገያል ነው የሚሉት» ብዬ ተረጎምኩ። «ተመስገን! መዘግየቱንማ እችለዋለሁ፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ያን ዕለት ምን አደረግህ ብትሉኝ «አበረታኋት» እላችሁ ነበር። ለመሆኑ አበርትቻታለሁን?

«ማበርታት» የተገኘው «በረታ» ከሚለው ግሥ ነው። ሰውን ያበረታ፣ ያ ሰው ከፊቱ የተደቀነውን ነገር የሚሸከምበት ጉልበት እንዲያገኝ አደረገ ማለት ነው። ማባበል ግን ከልቅሶ ዝም ማሰኘት ነው፤ ልቅሶው ሲቆም ሸክሙ ባለበት ይቀራል። እኔ ያደረግሁት ሁለተኛውን ነበር። ይባስ ብሎ፣ ያባበልኩት እርሷን ብቻ አልነበረም፤ ስታለቅስ ማየቱን ፈርቼ ራሴንም ነበር።

እውነቱ ራሱ ያን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። ሐኪሙ «ላይናገር ይችላል» አለ እንጂ «አይናገርም» አላለም። በአራት ዓመታቸው ያልተናገሩ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ኋላ ላይ አፋቸውን ይፈታሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቃል የማይናገሩም አሉ። ተስፋውም ስጋቱም በአንዲቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበሩ። እኔ ግማሹን ቆርጬ ጣልኩና ግማሹን ብቻ አቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ እናቲቱ የጠየቀችው ጥያቄ «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚል ነበር። ይህን የምትጠይቅ እናት በእኛ አገር ብቻ የምትገኝ አይምሰለን። ሊዮ ካነር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ልጆችን መርምረው ስለ ኦቲዝም ዝነኛውን ጽሑፍ ካወጡ በኋላ፣ ለበርካታ ዓመታት የምዕራቡ ዓለም ሊቃውንት ጥፋቱን በእናቶች ላይ ጥለው ነበር። ልጁ የተዘጋው እናቱ ቀዝቃዛ ስለሆነች፣ ፍቅር ስለነፈገችው ነው ይሉ ነበር። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ይህንኑ አስተሳሰብ በመጽሐፍ አስፋፉት። ከእርሳቸው ሦስት ዓመት ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የሥነ ልቦና ምሁሩ በርናርድ ሪምላንድ ኦቲዝም ከአእምሮ አፈጣጠር ጋር እንጂ ከእናት ፍቅር ማነስ ጋር እንደማይያያዝ ሞግተው ጽፈዋል፤ እርሳቸው ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበሩ። ዛሬ በዘር የሚወረሱ ነገሮች ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው፣ የአስተዳደግ ጉድለት ግን መንሥኤው እንዳልሆነ የታወቀ ነው። እነርሱ ዘንድ «ቀዝቃዛ እናት»፣ እኛ ዘንድ ደግሞ እርግማንና ቡዳ፤ ስሙ ተለያየ እንጂ ድንጋዩ የተወረወረው በአንዲት ሴት ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለችን እናት ማበርታት የሚጀምረው «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ብሎ እውነቱን ከመንገር ነው። ይህ ማባበያ አይደለም፤ የተረጋገጠ ነገር ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ። እኛ ለተማሪ ሁሉ የምንለግሳት አንዲት ቃል አለችን፤ «በርታ!»። ፊደል እየተምታታበት ማንበብ የተሳነውን ልጅ አስቡ። ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር ከስንፍናም ሆነ ከማስተዋል ማነስ የሚመጣ አይደለም። ይህን ልጅ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው በሰባት መልክ ተሰልፈው ሲጠብቁት፣ ከአጠገቡ ያሉት ሲያነበንቡ እርሱ ሲደናበር፣ አባቱም መምህሩም «በርታ» ይሉታል። እርሱ ግን ቀድሞውኑ ከሁሉም አብልጦ በርትቷል። ስለዚህ ቃሏ በጆሮው የምትደርሰው ምርቃት ሆና ሳይሆን ክስ ሆና ነው፤ «አልበረታህም» ማለት ትሆንበታለች። «በርታ» ሸክሙን በልጁ ትከሻ ላይ ትጥላለች፤ «ማበርታት» ግን ሥራውን የሚሰጠው ለእኛ ነው። ልጁ እንዲበረታ የሚያደርግ መንገድ መፈለግ የእኛ ዕዳ ነው።

ይህን ዕዳ ተቀብለው ከከፈሉት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ሳላነሣ አላልፍም። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ብዙ ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን ልጅ ከጎረቤት ዓይን በሚሰውሩበት ዘመን እርሳቸው የልጃቸውን ነገር በአደባባይ ተናገሩ። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትንም የማስተማሪያ ዘዴ ከገዛ ፊደላችን ድምፆች ተነሥተው አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በሞት ቢለዩንም፣ «ምን ባደርግለት ይማራል?» የሚለውን ጥያቄ ትተውልን አልፈዋል።

ጥያቄው ለባህላችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በየኔታ ደጅ አንዱ ሀሁ ሲቆጥር፣ ሌላው አቡጊዳ ሲለይ፣ ሦስተኛው ዳዊት ሲደግም ይውላል። እያንዳንዱ በደረሰበት ይቀጥላል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል። የየኔታ አለንጋ ይቅርብን፤ ልጅን በጎረቤቱ ልጅ ሳይሆን በትናንት ራሱ መለካት ግን ልንመልሰው የሚገባ ጥበብ ነው።

እዚህ ላይ «እንዲህ ከሆነማ ከልጁ ምንም አንጠብቅ ማለት አይሆንምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ምንም አለመጠበቅ ከመናቅ ይቆጠራልና። ጫማውን ራሱ ማሰር ለሚችል ልጅ እኛ ብናስርለት ፍቅር መስሎን እጁን እናስርበታለን። ትልቅ ነገር ልንጠብቅ ይገባል። ፍቅራችን ግን የጠበቅነው በመድረሱ ላይ የተንጠለጠለ እንዳይሆን ያስፈልጋል። የልጁ ክብር በሚያመጣው ውጤት የሚገዛ ከሆነ፣ ክብር መሆኑ ቀርቶ ደመወዝ ሆኗል።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀዋል፤ ስምምነቱ ማንም ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ያዛል። ነገር ግን ሕግ በእኛ ቤት ቡና ላይ አይቀመጥም። በማኅበራችንና በዕድራችን ውስጥ ልጇ ይረብሻል ብላ ከሰርግም ከክርስትናም የቀረች እናት ስንቷ ናት? «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብለን እናልፋታለን። ይኸው ባህላችን ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑንም አስተምሮን ነበር።

ከዓመት ገደማ በኋላ ያችው እናት ዳግመኛ እንዳስተረጉምላት ጠራችኝ። በር ላይ ቆመን ሳለ ያን ዕለት የደበቅኋትን ነገርኳትና ይቅርታ ጠየቅኋት። ብዙም አልተደነቀችም። «አውቄዋለሁ እኮ» አለችኝ። «የሐኪሙን ፊት እያየሁት ነበር። ግን አንተም መናገሩን ከፈራኸው ማንን እጠይቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ።»

ለካስ ውሸቴ ከእውነቱ አላዳናትም ነበር። ያደረገው ነገር ቢኖር ከእውነቱ ጋር ዓመት ሙሉ ብቻዋን መተው ነው።

ልጁ በዚያን ጊዜ መናገር አልጀመረም ነበር። ነገር ግን የሥዕል ካርዶች ተዘጋጅተውለት ነበር። ተራችንን ስንጠብቅ ከእናቱ ቦርሳ ውስጥ ፈልጎ አንዲቱን አወጣና በእጇ ላይ አኖራት። የውኃ ብርጭቆ ሥዕል ነበረች። እርሷም ሳትቸኩል «ውኃ» አለችው፤ ቀድታም ሰጠችው። ያን ቀን ከእኔ ትርጉም አልተፈለገም።