ስለ ጠቋሚዋ ቀስት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በኮምፒውተር ገጽ ላይ እጅህን ተከትላ የምትሮጠውን ትንሽ ቀስት መለወጥና ማስጌጥ ከቁም ነገር ይገባልን? ብለህ ትስቅ ይሆናል። እኔ ግን ይገባል እላለሁ፤ የሰው ጠባይ የሚታወቀው በትልቁ ሥራ ብቻ አይደለምና።

አስቀድሞ ቀስቲቱ ከሰማይ የወረደች አይደለችም። ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለው አሜሪካዊ በ1968 እ.ኤ.አ. ማውስን በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ የፊተኛው ማውስ ከእንጨት ተሠርቶ ከተፈተነ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቀጥ ብሎ የቆመው ቀስት በጊዜው ገጽ ላይ ጥርት ብሎ አልታይ ስላለ፣ በኋላ የዜሮክስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ወደ ግራ አዘነበሉት። እንግዲህ ዛሬ «የተለመደው» የምንለው መልክ ራሱ ሰው ለዓይኑ ሲል የለወጠው ነው።

በወላይታ ሶዶ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጀምሮ ማመልከቻ እስከሚያስጽፍ ገበሬ ድረስ ብዙ ሰው በአንድ የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ይፈራረቃል። ከነዚህ ቤቶች በአንዱ አንድ ወጣት ቀስቲቱን በዱንጉዛ ቀለም፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ሸልሟት አየሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ለብርድ ብቻ ቢሆን ነጭ ጋቢ ይበቃ ነበር፤ የወላይታ ሸማኔ ግን ቀለሙን ጎን ለጎን ያሰለፈው ሰው በሙቀት ብቻ እንደማይኖር ስለሚያውቅ ነው። ጌጥን ሁሉ ከንቱ ውዳሴ የሚሉ ሰዎች ይህን አላሰቡትም።

ነገር ግን ቀስት የቱንም ያህል ብታጌጥ የምትነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ የቀረው አካሏ ሥዕል ነው። ወጣቱ ሄዶ በቦታው የተቀመጡት መነጽራም ጡረተኛ መምህር ነጥቢቱን ከቀለሙ መካከል ለይተው ማየት አቃታቸው። «አስቀምጥ» የሚለውን የነኩ መስሏቸው ጎረቤቱን ነኩ፤ የአንድ ሰዓት ጽሑፋቸውም ጠፋ።

በቤቱ የነበሩት ሁሉ «የጋራ ዕቃ እንደተገኘ ይተው» ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ትክክል መሰለኝ፤ ነገር ግን ብዙ አልቆየም። መምህሩ ቀስቲቱ እንድትተልቅና እንድትጠቁር ለመኑ፤ ኮምፒውተሩም ይህን ያውቅበታልና ተደረገላቸው። በማግስቱ ሌላ ደንበኛ «ይህ ምን አስቀያሚ ነገር ነው!» ብሎ ወደ ትንሿ መለሳት። በዚያ ፍርድ ከሄድን ጥፋተኛው መምህሩ ሊሆኑ ነው! አንዱ የሻተው ደስታን፣ ሌላው የሻቱት ማየትን ሲሆን በአንድ ሚዛን መመዘን አይገባም። «እንደተገኘ» የተባለውም የጤነኛ ዓይን ልክ እንጂ የሁሉ ልክ አይደለም።

ኮምፒውተሩ ግን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ስም ከተከፈተለት የእያንዳንዱን ቀስት ለየብቻ ይጠብቃል፤ የአንዱ ጌጥ ሌላውን አያደናቅፍም። ይህን ለቤቱ ባለቤት ባመለክተው፣ «ለአንድ ሰዓት ለሚመጣ ሰው ማን ስም ይከፍታል፣ ጋሼ?» አለኝ። መምህሩ በየሳምንቱ ይመጣሉ።