ተቀበል

አንድ የደብረ ብርሃን ሰው ማታ ከሥራ ገብቶ፣ ክራሩን ቃኝቶ፣ በአንቺሆዬ ቅኝት አንድ ዜማ ያወጣል እንበል። በስልኩ ይቀርጸውና እንደ እሱ ግጥምና ዜማ ለሚሞካክሩ ሰዎች «አዲስ የባህል ዘፈን ሠርቻለሁ፣ ስሙልኝ» ብሎ ይልክላቸዋል። ይህ ሰው የተናገረው ነገር እርስ በርሱ ይጋጫል? አዲስ ከሆነ እንዴት የባህል ይሆናል? እሱ ከሠራውስ እንዴት የሕዝብ ይሆናል? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ዘፈኑ የደረሳቸው ሰዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው የምናውቀው ይህን ስንመልስ ነው። ማድነቅ ነው? ማረም ነው? ወይስ ሌላ፣ ስሙን የረሳነው ነገር ነው?

የተለመደው መልስ የባህል ዘፈን ባለቤት የለውም የሚል ነው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ፣ ማን እንደጀመረው የማይታወቅ ስለሆነ ትናንት ማታ የተሠራ ነገር በዚህ ስም አይጠራም ይባላል። መልሱ ሲሰሙት ያረካል፤ ጥቂት ሲመረምሩት ግን አይጸናም። ሕዝብ ተሰብስቦ በአንድ አፍ ስንኝ አይወልድም። ወፍጮ ቤት ሳይመጣ በፊት አንዲት የመንዝ ሴት ሌሊት ድንጋይ ወፍጮዋ ላይ ተደፍታ ታንጎራጉር ነበር። ለባሏ ፊት ለፊት የማትናገረውን ለመጅና ለወፍጮዋ ትናገራለች፤ ስንኙ የእሷ ነው፣ በዚያች ሌሊት ከእሷ በቀር ማንም አላለውም። ከግድግዳው ማዶ የሰማች ጎረቤት ግን በማግስቱ የራሷን እህል ስትፈጭ ያንኑ ታነሣዋለች፤ የሰውየውን በደል አውጥታ የራሷን ባል በደል ታስገባበታለች። የቡሄ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ሆያ ሆዬን የፈጠሩት እነሱ አይደሉም። ሆኖም አውራጁ ልጅ በየደጁ በደረሰ ቁጥር የጌትዬውን ስም፣ የእመቤቲቱን ደግነት፣ ሙልሙል የነፈገውን ቤት ስስት እያስገባ ያወርዳል፤ ሌሎቹ መሬቱን በዱላ እየወቀጡ ይቀበሉታል። ዘፈኑ ጥንታዊ ነው፤ በዚያ ደጅ የተባለው ስንኝ ግን የዚያች ማታ ልጅ ነው። እንግዲህ ባለቤት የለውም የምንለው ኖሮት ስለማያውቅ ሳይሆን ባለቤቱን ስለረሳነው ነው። መርሳት ደግሞ የእኛ ሥራ እንጂ የዘፈኑ ባሕርይ አይደለም።

በሌላው ዓለም የሕዝብ ዘፈን ያጠኑ ሰዎችም ዞረው ዞረው እዚሁ ደርሰዋል። እንግሊዛዊው ሴሲል ሻርፕ በ1907 (በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ነገር አነሣ፤ መቀጠል፣ መለዋወጥ፣ በማኅበረሰቡ መመረጥ። ሮማን ያኮብሰንና ፒዮትር ቦጋቲሪዮቭ በ1929 ነገሩን አጠበቁት፤ አንድ ሰው የፈጠረው ነገር የሕዝብ የሚሆነው ማኅበረሰቡ ሲቀበለው ነው፣ ካልተቀበለው እንዳልነበረ ይቆጠራል አሉ። በ1954 ሳኦ ፓውሎ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሕዝብ ሙዚቃ ጉባኤም ከአንድ ግለሰብ የፈለቀ ዜማ ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ በቃል ከኖረ የሕዝብ ሊባል እንደሚችል፣ በአንጻሩ ተሠርቶ ያለቀ ዘፈን ምንም ሳይለወጥ በየአፉ ቢዞር እንደማይባል ወሰነ። ወሳኙ እንደገና መሠራቱ ነው ማለታቸው ነበር። የዘፈኑን ማንነት ከመነሻው አንሥተው በጉዞው ላይ አኖሩት። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የእኛ አዝማሪ ቤት ይህን በአንድ ቃል ጨርሶት ነበር።

ቃሉ «ተቀበል» ነው። ከታዳሚው አንዱ ብርሌውን ያስቀምጥና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው መሰንቆውን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል። ሰውየው የመጀመሪያውን ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በዜማ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ይደግመዋል፤ ስንኝ ሰጪው በዚህ መሐል ቤት የሚመታለትን ሁለተኛ ስንኝ ይፈልጋል። ግጥሙ ከጎደለ አዝማሪው ይሞላዋል፣ ከረዘመ ያሳጥረዋል፣ ሰው የሚነካ ከሆነም ወደተነካው ሰው ዞሮ ፈገግ ይላል። ክር መርገጥ የማያውቅ፣ ድምፁ የማያምር ነጋዴ ወይም ሾፌር በዚያች ወንበር ላይ ለአንድ አፍታ ደራሲ ነው፤ ለዚያውም በክብር። አማርኛችን በዚህ ግስ ብዙ ነገር ይሠራል። እንግዳ እንቀበላለን፣ ዕቃ ከሰው እጅ እንቀበላለን፣ ሐሳብ እንቀበላለን፣ ዘፈንም እንቀበላለን። በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተቀባዩ ዝም ቢልም መቀበሉ አይጠፋም። በአራተኛው ግን ዝምታ የለም፤ ዘፈን ተቀበለ የሚባለው አፉን የከፈተ ብቻ ነው። በደቦ አጨዳ ላይ፣ በሰርግ ዳስ ውስጥ፣ አውራጁን አዳምጦ «እንዴት ያምራል» ብሎ የተቀመጠ ሰው አልተቀበለም። ሥራውን ከማገዝ ይልቅ ቆሞ እንደማየት ነው።

እንደሚመስለኝ የጥያቄያችን መልስ እዚህ አለ። የባህል ዘፈን ማለት ሠሪ የሌለው ዘፈን ሳይሆን ተቀባዩ የመለወጥ መብት ያለው ዘፈን ነው። ስለዚህ የደብረ ብርሃኑ ሰው «አዲስ የባህል ዘፈን» ሲል አልዋሸም፤ ነገር ግን የተናገረው ስለተፈጸመ ነገር ሳይሆን ስለሚጠብቀው ነገር ነው፤ ጥሪ ነው፣ ገና መልስ ያላገኘ «ተቀበል»።

ይህን ከቅኔ ቤት ጋር ማስተያየት ነገሩን ያጠራዋል። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ጓደኞቹ ይሰሙታል። ይህም የጀማሪዎች ማኅበር ነው፤ ምናልባት በአገራችን ከሁሉም የጠነከረው። ሕጉ ግን የዘፈን ሕግ ተቃራኒ ነው። ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ የሊቃውንቱ ቅኔ በቃል ሲተላለፍም ከነባለቤቱ ስም፣ ፊደል ሳይነቀል ነው። (ቅኔ ማቅረብን «መዝረፍ» ማለታችን፣ ከማን እንደሚዘረፍ ሳይነገር፣ ራሱን የቻለ ቅኔ ነው።) ቅኔ ባለቤት አለው፣ ተቀባይ የለውም፤ ዘፈን ተቀባይ አለው፣ ባለቤቱ ይረሳል። ሁለቱም ክቡር ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ዘፈናቸውን እርስ በርስ የሚሰጣጡ ሰዎች ሳያውቁት በቅኔ ሕግ ሲተዳደሩ ነው፦ ዘፈኑ ተሠርቶ እንዳለቀ ይቀርባል፣ ይታረማል፣ ወይም ይመሰገናል፣ ለባለቤቱም ይመለሳል። «ጎበዝ፣ በርታ» ደግ ቃል ነው፤ ሥራው ግን በር መዝጋት ነው። የተመሰገነ ዘፈን እዚያው ቀረ፤ ሌላው ሦስተኛ ስንኝ የጨመረበት ዘፈን ግን ሄደ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ ታዲያ የሰው ድካም መዝረፍ ልትፈቅድ ነው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለሠሪው በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ይህም ተገቢ ነው። ዜማው ተወስዶበት በሌላ ሰው ስም የተሸጠበት ሰው «የሕዝብ ነው» የሚል ማጽናኛ አያስፈልገውም፤ ፍርድ ቤት ያስፈልገዋል። ነገር ግን ስምና ገንዘብ መውሰድ አንድ ነገር ነው፣ ዘፈኑን ወስዶ መልሶ መዝፈን ሌላ ነው። አዝማሪው ከታዳሚው የተቀበለውን ስንኝ አልሰረቀም፤ በጉባኤ ፊት፣ ሰጪው እየሰማ ነው ያነሣው። መስጠትን ከመሰረቅ የሚለየው ሰጪው መስጠቱ ነው፤ ሕጉም ባለመብቱን ከመስጠት አይከለክለውም። ስለዚህ ለእኩዮቹ የሚዘፍን ሰው አስቀድሞ ቢናገር ይበጃል፤ ይህን የምሰጣችሁ እንድትሰሙልኝ ነው ወይስ እንድትቀበሉኝ? ብዙው ቅሬታ የሚወለደው አንዱ ቅኔ አቅርቦ ሌላው ዘፈን መስሎት ሲቀጥልበት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቀረጻ መለዋወጥን ያስቀራል የሚል ነው፤ ለዚህም ከሰሜን ሸዋ የወጣ ሰው ምስክር አለን። ምንጃር የተወለደው ተሰማ እሸቴ በ1908 ጀርመን አገር ሳለ ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። የሄደው ለዘፈን አልነበረም፤ አጼ ምኒልክ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማር ልከውት ነው። በኋላም ነጋድራስ ተብሏል። በሙያው አዝማሪ ሳይሆን በፍቅር የሚገጥምና መሰንቆ የሚመታ ጨዋ ነበር፤ ዛሬ አማተር የምንለው ማለት ነው። ሸክላው ባይኖር ድምፁን ዛሬ ማንም አይሰማውም ነበር፤ እንደ ቀልደኛው አለቃ ገብረ ሃና ሊሆን ይችል ነበር፣ ያለውም ያላለውም የሚለጠፍበት። ሸክላው ግን አንድ ነገር አስቀረ፤ የመጀመሪያው አፍ ሁልጊዜ አለ፣ ከእሱ የተለየ ሁሉ ስሕተት ይመስላል። ተመራማሪዎቹ ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ በ1930ዎቹ ዩጎዝላቪያ ውስጥ የቀረጿቸው ተራኪ ዘፋኞች «ቃል በቃል እንደሰማሁት ነው የምዘፍነው» ብለው ይምሉ ነበር፤ ቅጂው ሲሰማ ግን የአንዱ ከሌላው፣ የዛሬው ከትናንቱ ይለያል። አልዋሹም። ለእነሱ «ያው ዘፈን» ማለት ታሪኩና መንፈሱ ነበር፤ ቃሉ የየዕለቱ ነው። ቀረጻ ይህን ደግ ስሕተት አጋልጦ ያሳፍረዋል። ስልክም ያው ሸክላ ነው፤ ልዩነቱ በያንዳንዱ ኪስ ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ይህን እቀበላለሁ። መድኃኒቱ ግን ቀረጻን መተው አይደለም፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አፍም መቅረጽ ነው። አንድ ቅጂ ሕግ ይሆናል፤ አሥር ቅጂ ግን ወሬ ይሆናል፣ ዘፈን የሚኖረው ደግሞ በወሬ መልክ ነው።

ሁሉም ሰው ዘፈን ሠሪ ከሆነ ገለባው ምርቱን ይውጠዋል የሚለው ስጋት ብዙም አያስጨንቀኝም። አውድማ ላይ ገለባ የሚበዛው ሁልጊዜ ነው፤ ነፋስ ስላለ ነው ስንዴ የምንበላው። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የነበሩት የኪነት ቡድኖች ሕዝቡ በሚወደው ዜማ ላይ የታዘዘ ግጥም ይጭኑ ነበር፤ ተቀባዩም ወዶም ሳይወድም ይቀበል ነበር። ዜማው ዛሬም ይዘፈናል፤ ከመፈክሩ ግጥም ግን በሰርግ ቤት የሚሰማ አለ? በትእዛዝ የተቀበለ አፍ ትእዛዙ ሲነሣ ዝም ይላል። ስልክ ሁሉን ያስቀምጣል ይባላል፤ ማስቀመጥና መዝፈን ግን አንድ አይደሉም።

የሚከብደኝ ሌላ ተቃውሞ አለ። ደቦ ላይ የሚቀበለው ሰው አብሮ ያጭዳል፤ ሰርግ ላይ የሚቀበለው ዘመድ ነው። በስልክ ዘፈን የሚሰጣጡ ሰዎች አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሽንግተን ሆነው፣ አብረው የሚያጭዱት እህል የላቸውም። የሚያገናኛቸው መዝፈን መውደዳቸው ብቻ ከሆነ፣ የያኮብሰንና የቦጋቲሪዮቭ «ማኅበረሰብ» እዚህ የት አለ? የሥራ ዘፈን ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ማጭዱ እኩል ሲወርድ ነው፤ እነዚህ በምን ይመዝናሉ? ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም፤ ግማሽ መልስ ግን አንኮበር አለ። ከገደሉ ሥር አልዩ አምባ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ትልቅ ገበያ ነበረች። ደገኛው፣ አርጎባው፣ አፋሩና የሐረር ነጋዴ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ፣ ባሪያም ሳይቀር፣ ይሻሻጡባት ነበር። ዕቃው ይቀረጥ ነበር፤ ዜማ ግን ኬላ የለውም። እነዚህ ሰዎች አንድ ማኅበረሰብ አልነበሩም፤ በሃይማኖትም በቋንቋም ይለያዩ ነበር። ገበያተኛ ያደረጋቸው በየሳምንቱ መመለሳቸው ነው። ተመላሽ ሰው ባለፈው ሳምንት የሰማውን ያስታውሳል፣ ያስታወሰውን አጣምሞ ይዞ ይመጣል። የተራራቁ ዘፈን ሠሪዎችም ማኅበረሰብ የሚሆኑት በመውደዳቸው ሳይሆን በመመለሳቸው ይመስለኛል። ይህ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስልክ ደግሞ የሚያስለምደን ተቃራኒውን ነው።

አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ሁለቴ ሦስቴ የሚደጋግመው ለማሳመር ብቻ አይደለም። ስንኝ ሰጪው ሁለተኛውን እስኪያገኝ ጊዜ እየገዛለት ነው፤ መሰንቆው ያንን ክፍት ቦታ ይዞ ይቆያል፣ ታዳሚውም አብሮ ይጠብቃል። ሰውየው ቤት መምቻውን ቢያጣ ከጎኑ ያለው ሰው በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ በማግስቱ ያ ስንኝ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ከደብረ ብርሃን የተላከችው ዜማም አሁን በዚያች ክፍት ቦታ ላይ ናት፤ አንዱ ስንኝ ተብሏል፣ መሰንቆው እየተመታ ነው።