ምክርና ግዛት

በአገራችን ቋንቋ አንድ ወጣት አግብቶ የራሱን ኑሮ ሲመሠርት «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ሰው ወደ ቤት ይገባል እንጂ ወደ ቤት አይወጣም። ታዲያ የጥንት ሰዎች «ጎጆ ገባ» ሳይሉ «ጎጆ ወጣ» ያሉት ስለ ምን ይሆን? ነገሩን ላስተዋለው ሰው ምስጢሩ ግልጥ ነው። ወጣቱ ወደ አዲሱ ጎጆ ለመግባት አስቀድሞ ከአባቱ ቤት መውጣት አለበት ማለታቸው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈውም ሥርዓት ይህንኑ ያጸናል፤ ባልና ሚስት አንድ አካል ከመሆናቸው በፊት አባትና እናትን መተው የሚገባ መሆኑን አስቀድሞ ያመለክታልና።

ነገር ግን በእግር መውጣትና በእውነት መውጣት አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ጎጆ ወጥቶም በወላጆቹ ፈቃድ ውስጥ ይኖራል፤ ብዙ ወላጅም ልጁን ከዳረ በኋላ በልጁ ቤት ላይ ሥልጣን ያለው ይመስለዋል። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ወላጅ ልጁን ከዳረ በኋላ በልጁ ትዳር ውስጥ ምን ድርሻ አለው? ፍቅርስ የመግዛትን መብት ይሰጣልን?

ስለ አማትና ስለ ምራት ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይሥቃል። ሣቁም የእኛ ብቻ አይደለም። ከጌታ ልደት በፊት በ165 ዓመት ቴሬንስ የተባለ የሮማ ደራሲ «አማት» የሚል ስም የሰጠውን ተውኔት ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። በዘመናችንም በሕንድ አገር፣ በኬረላ፣ በማላያላም ቋንቋ በ2004 ዓ.ም. መታየት የጀመረው «ታቲም ሙቲም» የተባለ የቴሌቪዥን ተከታታይ ጨዋታ በአንድ ጣራ ሥር በሚኖሩ አማትና ምራት ጭቅጭቅ ተመልካቹን ለዓመታት ሲያስቀው ኖሯል። ሆኖም የሚያስቅ ነገር ሁሉ ቀላል ነገር አይደለም። በቴሬንስ ተውኔት ውስጥ ምራቲቱ ቤቱን ጥላ ስትሄድ የገዛ ባላቸው እንኳ ሳይቀር የአማቲቱ ክፋት ነው ብሎ ይፈርድባቸዋል። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። እኒያ ሴት ያለ ጥፋታቸው ተወቅሰው ሳሉ ልጃቸው በሰላም ይኖር ዘንድ ቤቱን ትተው ወደ ገጠር ለመሄድ ይቈርጣሉ። ከዚህ የምንማረው በአማት ላይ ለመፍረድ መቸኰል የማይገባ መሆኑን ነው።

በእኛም አገር፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከዚያም ወዲህና ወዲያ ባለው ገጠር፣ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ብቻ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ሽማግሌ ይላካል፤ ዘር ይቈጠራል፤ የሁለቱም ወገን ስጦታ ይነገራል፤ ሙሽሮቹም ብዙ ጊዜ በአባት ግቢ ውስጥ ወይም በአጠገቡ ኑሮ ይጀምራሉ። ለዚህ ደግሞ የመሬቱ ነገር ዓይነተኛ ምክንያት ነው። በክልላችን በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው የመሬት ሽግሽግ ወዲህ ጎልማሳ የሆነ ወጣት በአብዛኛው መሬት የሚያገኘው ከወላጆቹ ይዞታ ተቈርሶለት ነው። መሬቱን ቈርሶ፣ በሬውን ጨምሮ፣ ዘሩን ሰፍሮ የሰጠ አባት ከዚህ ሁሉ በኋላ «ዝም በል» ቢባል አይዋጥለትም። የሰጠው ነገር ከእጁ ቢወጣም ከልቡ አይወጣምና።

በዚህም ላይ እውነቱን መካድ አይገባም። በሬው በእርሻ ወራት ቢሞት ጥማዱን የሚያበድር ማን ነው? ምራቲቱ በምጥ ስትያዝ ሌሊት ተነሥታ የምትመጣ ማን ናት? ባል በጉልበቱ የሚመካ ክፉ ሰው ቢሆን ሚስት የምትሸሽበት ደጅ የማን ነው? «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የተባለውም በከንቱ አይደለም። ጣልቃ የማይገባ ዘመድ የሚመኝ ሰው በመከራው ቀን ብቻውን መቆምን እንደ ተመኘ ይቈጠራል። ስለዚህ ጥያቄው ዘመድ ይግባ ወይስ አይግባ አይደለም። እንዴት ይግባ፣ ከገባስ በኋላ መቼ ይውጣ ነው።

ሕጋችንም ቢሆን ይህን ነገር ቀስ እያለ የተረዳው ይመስላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና የሚስትን ክርክር ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዳኝነት ይሰጥ ነበር፤ ፍቺንም የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለሽማግሌዎች የማስታረቅን ሥራ ተወላቸው። በቀድሞው ሕግ ለሴት 15 ዓመት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜም ወደ 18 ከፍ አደረገው። በእኛም ክልል በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻ ፈቃድ እንዲቆም ያዝዛል። እንግዲህ ሕጉ ዘመድን ከነጭራሹ አላባረረም፤ ምክሩን አስቀርቶ ግዛቱን ወሰደበት እንጂ። ነገር ግን ሕግ እስከ ደጃፍ ይደርሳል እንጂ ወደ ማጀት አይገባም። በማጀት ውስጥ ያለውን ነገር የሚዳኘው ሕሊና ብቻ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ ትገኛለች። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደው በዚያች ስፍራ ነው። ወላጆቹ በሕፃንነቱ ስለ ታመመባቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ሕፃኑ ገና ምንም ሳያውቅ የሕይወቱ መንገድ በሙሉ ተወሰነለት። ፊታውራሪ መሸሻም ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ከጠየቋት ሁሉ በዘር የሚመጥናት ሰው አጡላትና ያለ ባል አስቀሯት። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ፊታውራሪን ይወቅሳቸዋል። ነገር ግን የበዛብህ ወላጆችም ሆኑ ፊታውራሪ ልጆቻቸውን አልጠሉም። ከጥላቻ የመጣ ጉዳት በቶሎ ይታወቃልና ሰው ይጠነቀቀዋል። ከፍቅር ጋር ተቀላቅሎ የመጣ ጉዳት ግን ጉዳት መሆኑ ሳይታወቅ ዕድሜ ይፈጃል።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴ ከቡሬ ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም መጥተው ከእኛ ጋር ጥቂት ወራት ተቀምጠው ነበር። በርበሬያቸውንና ሽሯቸውን ይዘው በመጡ ጊዜ እኔም ባለቤቴም እጅግ ደስ አለን። በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ ወጡን ቀምሰው «ልጄ እንዲህ ያለ ቀጭን ወጥ አይወድም ነበር» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት የማጀቱ ዕቃ ሁሉ ቦታው ተለወጠ። በሦስተኛው ሳምንት ደመወዜን ለማን እንደማስረክብ ጠየቁኝ። ባለቤቴ ነገሩን ስታነሣብኝ «እናቴ ናቸው፤ ቻያቸው» እላት ነበር። እናቴ ሲያነሡብኝ ደግሞ «ልጅ ናት፤ ትማራለች» እላቸው ነበር። በዚህ አነጋገሬ ሁለቱንም የማስታርቅ ይመስለኝ ነበር። በእውነቱ ግን ለባለቤቴ የሚናገርላት ሰው እንደሌለ፣ ለእናቴም ምራታቸው ጥፋተኛ እንደ ሆነች በገዛ አፌ አረጋገጥሁላቸው።

አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ሕፃኑን አዝላ ወደ ወላጆቿ ሄዳ ቈየችኝ። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ይዤ ሄድሁ። የሚስቴ እናት በአክብሮት ተቀበሉኝና «ልጃችንን የሰጠነው ለአንቱ ነው፤ ለእናትዎ አልሰጠንም። እናትዎን ታክብራቸው፤ ይገባል። ነገር ግን በአንቱ ቤት ለሷ የሚናገርላት ማን ነው? ይህን ብያለሁ፤ ሌላ አልጨምርም» አሉና ቡና ሊያፈሉ ተነሡ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም ከዘለፋ ይልቅ ዝምታቸው አሳፈረኝ።

ወደ ቤት ተመልሼ ከእናቴ ጋር ተነጋገርሁ። ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ አለቀሱ። «እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ነው የተዳርሁ» አሉ። «አማቴ እንጀራ ስጋግር ቆመው ይቈጥሩብኝ ነበር። ከጎተራ አንድ ቁና እህል ያለሳቸው ፈቃድ አላወጣሁም። እኔም አንድ ቀን ምራት ይመጣልኛል ብዬ ተራዬን ስጠብቅ ኖርሁ። ተራዬ ሲደርስ ጊዜው ተለወጠ።»

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ቃል ላይ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። እናቴ ክፉ ሰው አይደሉም። በልጅነታቸው የተወሰደባቸው ነገር አለ፤ ያንንም ይመልስልኛል ብለው የጠበቁት የአማትነትን ወንበር ነበር። ነገር ግን ዕዳው የሟች ነበር፤ ከፋይዋ ግን ምንም ያልተበደረች ባለቤቴ ሆነች። በደል በዚህ መንገድ ከአማት ወደ ምራት እንደ ርስት ሲተላለፍ ይኖራል፤ ሁሉም ተበዳይ ነው፤ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ይህን ሰንሰለት የሚበጥሰው ተራው ደርሶ ሳለ ተራዬን አልፈልግም የሚል ሰው ብቻ ነው። ይህም ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሆነ ልግስና ነው፤ ለራሱ ያልተደረገለትን ለሌላው ማድረግ ነውና።

ቅዱስ መጽሐፍ ሁለት ዓይነት አማቶችን ያሳየናል። አንዱ የያዕቆብ አማት ላባ ነው። ላባ ራሔልን እሰጥሃለሁ ብሎ ልያን ሰጠ፤ የያዕቆብንም ደመወዝ ደጋግሞ ለወጠበት፤ በመጨረሻም ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም፣ መንጋውም ሁሉ የእኔ ነው አለ። ሌላው የሙሴ አማት ዮቶር ነው። ዮቶር ሙሴን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ አማቹ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ አየና ሥራው ከአቅሙ በላይ መሆኑን ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው። ሙሴም ምክሩን ተቀበለ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የተጻፈው ነው፤ ዮቶር ወደ አገሩ ተመልሶ ሄደ። አለቆቹን እኔ ልሹም አላለም፤ ምክሬ መፈጸሙን ተቀምጬ ልይ አላለም።

ምክርንና ግዛትን የሚለየው እንግዲህ ይህ ነው። መካሪ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ ውሳኔውን ለባለቤቱ ትቶ ይሄዳል፤ ምክሩ ባይደመጥም ፍቅሩ አይቀንስም። ገዢ ግን ቃሉ እስኪፈጸም ድረስ አይነሣም፤ ካልተፈጸመለትም ይቀየማል። ወላጅ ራሱን ለመመርመር ቢፈልግ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፤ «ያልሁት ባይደረግ እቀየማለሁን?» እቀየማለሁ ካለ የሰጠው ትእዛዝ እንጂ ምክር አይደለም።

ለወጣቶቹም ድርሻ አላቸው። ሰው ወደ ሰው ቤት የሚገባው በር ሲከፈትለት ነው። ባል የቤቱን ገበና ለእናቱ፣ ሚስትም ለእናቷ እያመላለሱ ከተናገሩ በኋላ «ዘመድ ገባብን» ብሎ ማማረር አይገባም። በሁለቱ መካከል የቆመ ባልም ዝምታውን ሰላም ነው ብሎ አይታለል። ለእናት የሚገባ ክብር አለ፤ ለሚስትም የሚገባ ክብር አለ። አንዱን ከሌላው ሰርቆ የሚከፍል ሰው ለሁለቱም ባለ ዕዳ ይሆናል።

እናቴ ባለቤቴ ከተመለሰች በኋላ ሦስት ቀን ተቀምጠው ልጃቸውን፣ ምራታቸውንና የልጅ ልጃቸውን መርቀው ወደ ቡሬ ሄዱ። ዛሬ በየበዓሉ ይመጣሉ፤ ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ወጡንም ይቀምሳሉ። እውነቱን ለመናገር ወጡ አሁንም ቀጭን ነው። እናቴ ግን ቀምሰው «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ይላሉ። እኔም ይህን ቃል በሰማሁ ቍጥር እናቴ በዘጠኝ ዓመታቸው ሊሰሙት ይገባቸው የነበረው ይህ እንደ ነበረ አስባለሁ።